ዲ.ኦ. ለመባል፦ የኦስቲዮፓቲክ ሐኪሞች ትምህርት ታሪክ

በጥቅምት 2020 ዶናልድ ትራምፕ በኮሮና ተይዘው ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ሲተኙ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ስለ ጤናቸው መግለጫ ይሰጥ የነበረው የዋይት ሐውስ ሐኪም ዶክተር ሾን ኮንሊ ነበር። ሰዉ ስለ ፕሬዚዳንቱ ትኩሳት እየጠየቀ በመሐሉ ሌላ ጥያቄ አነሳ። ከሐኪሙ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው ሁሉም የለመደው ኤም.ዲ. ሳይሆን ዲ.ኦ. ነው፤ ለመሆኑ ሰውየው እውነተኛ ሐኪም ነው? ቀጥሎ የጆ ባይደን ሐኪም የሆነው ኬቨን ኦኮነርም ዲ.ኦ. ነው።

ጥያቄው በእኛም ቤት የሚነሳ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ፣ ልጁ «ሕክምና ትምህርት ቤት ተቀበሉኝ» ብላ በምታሳየው ደብዳቤ ላይ «ኦስቲዮፓቲክ» የሚል ቃል ሲያይ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። አጭሩ መልስ እንዲህ ነው፦ በሃምሳውም የአሜሪካ ግዛቶች ዲ.ኦ.፣ ማለትም የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ዶክተር፣ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል፣ ያዋልዳል፣ የልብም የአእምሮም ስፔሻሊስት ይሆናል። ረጅሙ መልስ ከ130 ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስደናል። ኦስቲዮፓቲ መድኃኒትን አውግዞ የተነሳ ትምህርት ነበር፤ እስከ ዛሬ የቆየው ግን መድኃኒትን ስለተማረ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ ጀማሪ አንድሩ ቴይለር ስቲል በ1828 በቨርጂኒያ ተወለደ። አባቱ አብራም ስቲል በፈረስ እየዞረ የሚሰብክ የሜቶዲስት አገልጋይ፣ ጎን ለጎንም ሐኪም ነበር። ቤተሰቡ ስብከቱን ተከትሎ ወደ ቴነሲ፣ ከዚያ ወደ ሚዙሪ፣ በ1850ዎቹ ደግሞ ወደ ካንሳስ ተሻገረ። አንድሩ ሕክምናን የተማረው እንደ ዘመኑ ልማድ በአባቱ ሥር ሆኖ እያየና እየሠራ ነው። ባርነትን ከሚቃወሙት ወገን ስለነበር በ1857 በካንሳስ ግዛት ምክር ቤት ተቀመጠ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳም ከሰሜኑ ጦር ጋር ተሰለፈ።

ጦርነቱ ሳይገድለው ቤቱ ተመታ። በ1864 መጀመሪያ ማጅራት ገትር ገብቶ ሦስት ልጆች ወሰደበት፤ ብዙም ሳይቆይ አራተኛዋ ሕፃን በሳንባ ምች ሞተች። በዘመኑ አሉ የተባሉ ሐኪሞች ቤቱ መጥተው ነበር፣ ቄሱም ጸልየዋል፣ እሱ ራሱም ሐኪም ነው። ማንም ምንም አልፈየደለትም፤ ሊፈይድም አይችልም ነበር። ስቲል ከዚያ በኋላ በያዘው ሙያ ላይ ፊቱን አዞረ።

ይህን ቁጣ ለመረዳት የዘመኑን የመድኃኒት ሣጥን መክፈት ያስፈልጋል። ካሎሜል የሚባል የሜርኩሪ ውህድ ለሁሉም በሽታ ይሰጣል፤ ሕመምተኛው ድዱ እስኪቆስልና ጥርሱ እስኪረግፍ። ለሕመም ኦፒየም፣ ለብርታት ውስኪ፣ ለትኩሳት ደም ማፍሰስ። ሐኪም ያልጠራ ድሃ፣ ሐኪም ከጠራ ሀብታም ይልቅ የመዳን ዕድሉ የሚሰፋበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ስቲል ስለ በሽታ መንስኤ የተናገረው ብዙው ትክክል ሆኖ አልተገኘም፤ ስለ ዘመኑ መድኃኒት ያለው ግን አብዛኛው ልክ ነበር። የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ስቲል መጽሐፉን አጥንት አደረገ። በካንሳስ የነባሮቹን ሕንዳውያን መቃብር እየቆፈረ አስከሬን እንዳጠና በራሱ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ያለ ኀፍረት ጽፎታል፤ የአሜሪካ የአናቶሚ ትምህርት በዚያ ክፍለ ዘመን በማን አካል ላይ እንደቆመ የሚያስታውስ ነውና አልፈነው ልንሄድ አይገባም። ከዚህ ጥናቱ አንድ ሐሳብ ያዘ። ደም ያለ እንቅፋት ከተዘዋወረ ሰውነት ለመዳን የሚያስፈልገው ሁሉ በውስጡ አለ፤ አጥንት ወይም መገጣጠሚያ በተለይም የጀርባ አከርካሪ ሲዛነፍ ግን ደም ሥርንና ነርቭን ይጫናል፣ በሽታም ከዚያ ይመጣል፤ የሐኪሙ ሥራ የተዛነፈውን በእጁ ማቅናት ነው። ሐሳቡ የበራለትን ቀን እንደ ልደት ቀን ቆጥሮ ሰኔ 22 ቀን 1874 ብሎ መዝግቦታል።

ቤተሰቡ በምሥረታው የደከመበት የካንሳሱ ቤከር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን እንዲያቀርብ አልፈቀደለትም። በ1875 ወደ ሰሜን ሚዙሪ ሄዶ ከርክስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጠ፤ ከዚያም ዓመታትን ከመንደር መንደር እየዞረ አሳለፈ። አንዴ ራሱን «ማግኔታዊ ፈዋሽ» ይላል፣ አንዴ «መብረቁ ወጌሻ»። ሁለተኛው ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ አይፈልግም፤ የወለቀ ትከሻ መላሹን፣ ወገብ አሺውን የማያውቅ የለም። ልዩነቱ የእኛ ወጌሻ ሙያውን ለልጁ ወይም ለዘመዱ ሲያወርስ፣ የከርክስቪሉ ወጌሻ ትምህርት ቤት መክፈቱ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1892 ነው። «የአሜሪካ ኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤት» የሚል ትልቅ ስም የተሰጠው፣ ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ነበር። ወደ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ገቡ፤ ከእነሱም ውስጥ የስቲል ልጆችና ሴቶች ነበሩ። ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለሴት በራቸውን በዘጉበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አናቶሚ ያስተማረው ዊልያም ስሚዝ የኤድንብራ ምሩቅ የሆነ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነው። የሕክምና ዕቃ እየሸጠ ከርክስቪል ሲደርስ የከተማው ሐኪሞች ስለ «አጭበርባሪው» ስቲል አማረሩለት፤ ነገሩን ሊያይ ሄዶ ሲከራከር ቆየና «አናቶሚ ላስተምርልህ፣ አንተ ሙያህን አስተምረኝ» ብሎ ተዋዋለ። የመጀመሪያው ዲፕሎማ የተሰጠውም ለእሱ ነው። ወጌሻው ለትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ አስተማሪ አድርጎ የቀጠረው የዩኒቨርሲቲ ሐኪም መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1894 የታደሰው ቻርተር ትምህርት ቤቱ የኤም.ዲ. ዲግሪ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር። ስቲል እንቢ አለ። ተማሪዎቹ መድኃኒት አዛዥ ከሚባሉት ጋር በአንድ ስም እንዲጠሩ አልፈለገምና ዲ.ኦ. ብሎ ቆረጠ። በአንድ ሰው እልህ የተመረጡት ሁለት ፊደላት ለሚቀጥሉት ሰማንያ ዓመታት ሺዎችን ፍርድ ቤት አስቁመዋል።

ሕሙማን በባቡር ከርክስቪልን አጥለቀለቋት፤ ሆቴሎች ተሠሩ፣ ስቲልም የራሱን ትልቅ ማከሚያ አቆመ። ምሩቃኑ ወደየግዛቱ ሲበተኑ ግን ያለ ፈቃድ ማከም ተብለው ይታሰሩ ጀመር። ስለዚህ ጠቡ ወደ ሕግ አውጪዎች ሄደ። በሚዙሪ በ1895 የወጣውን ሕግ አገረ ገዥው ሻረው፤ በ1897 ተተኪው ፈረመበት። ቬርሞንት ግን ዓድዋ በተዋጋንበት በ1896 ቀድማ ፈቅዳላቸው ነበር። በ1901 ነገሩ ኒው ዮርክ ሲደርስ ማርክ ትዌይን ራሱ ኦልባኒ ሄዶ በሕግ አውጪዎች ፊት ስለ ኦስቲዮፓቶች ተሟገተ። ትዌይን ስለ አከርካሪ አጥንት የሚያውቀው ነገር ብዙ አልነበረም፤ ክርክሩ አንድ ሰው ገላውን ለፈለገው ሐኪም የመስጠት መብቱ የራሱ ነው የሚል ነበር። የሕዝብ ፍቅር ፈቃድ ሊያስገኝ ይችላል፤ ደረጃ ግን አያስገኝም፣ ኦስቲዮፓቶቹም ይህን ቶሎ አወቁት።

ምክንያቱም ሌሎችም ገበያውን አይተውታል። ከርክስቪል በሁለት ዓመት የምታስተምረውን በጥቂት ወራት፣ አንዳንዱም በፖስታ፣ እናስተምራለን የሚሉ ትምህርት ቤቶች ፈሉ። ዲፕሎማ በቀጥታ የሚሸጥም ነበር። በ1895 አዮዋ ውስጥ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ኪሮፕራክቲክ ብሎ የራሱን የአከርካሪ ሕክምና ሲጀምር ከርክስቪሎች «ከእኛ ሰርቆ ነው» አሉ፤ ያ ጠብ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልበረደም። ምሩቃኑ በ1897 ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1901 የአሜሪካ ኦስቲዮፓቲክ ማኅበር የሚለውን የዛሬ ስሙን ያዘ፣ ከ1903 ጀምሮም ኮሌጆችን እየዞረ መመርመር ጀመረ። የትምህርቱ ዘመን በ1900ዎቹ አጋማሽ ወደ ሦስት፣ በ1910ዎቹ ወደ አራት ዓመት አደገ።

በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር በካርኔጊ ድርጅት ስም ያወጣው ዘገባ የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት እንዳለ ገለባበጠው። ስምንት የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤቶችንም ጎብኝቷል፤ ለአንዳቸውም አልራራም። ቤተ ሙከራ የላቸውም፣ ሆስፒታል የላቸውም፣ ተማሪ የሚሰበስቡት ለክፍያው ነው አለ። ከስድቡ በላይ የከበደው ግን ነጥቡ ነው። በየትኛውም እምነት ሕመምተኛ የሚያይ ሰው መጀመሪያ በሽታውን ማወቅ አለበት፤ በእጁ የሚያክመውም በመድኃኒት የሚያክመውም ለመመርመር አንድ ዓይነት ሳይንስ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ክርክር ኦስቲዮፓቶቹ መልስ አልነበራቸውም። በግል የተናደዱትም ሳይቀሩ ልክ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጠብ ነበር። አንዱ ወገን «አስር ጣት ይበቃናል» ባይ ነው፤ ስቲል ራሱም መድኃኒት በትምህርት ቤቱ እንዳይሰጥ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ታገለ። ሌላው ወገን ክትባቱንና ሴረሙን እያየ፣ ይህን የማያውቅ ሐኪም ነገ ማን ይጠራዋል ይላል። ስቲል በታኅሣሥ 1917 ሞተ። ቀጥሎ በመጣው የኅዳር በሽታ፣ ያ የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ፣ ማኅበሩ ከአባላቱ ሪፖርት ሰብስቦ በእኛ እጅ የሞተው እጅግ ጥቂት ነው ብሎ አሳተመ። ቁጥሩ ሐኪሞቹ ራሳቸው የላኩት፣ ማንም ያላመሳከረው ነውና ብዙ አያስተማምንም፤ ግን የድሮዎቹን ወገን ለጥቂት ዓመታት አበርትቶታል። በመጨረሻ በ1929 ማኅበሩ ኮሌጆቹ ፋርማኮሎጂ እንዲያስተምሩ ፈቀደ። ስሙን ግን «ተጨማሪ ሕክምና» አሉት፤ መስራቹ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነውም መድኃኒት ብሎ መጥራት ገና አልተደፈረም።

በዚያው ዘመን ኮሌጆቹን እውነተኛ ትምህርት ቤት ያደረጋቸው፣ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ነገር መጣ። ከ1925 ጀምሮ፣ ዊስኮንሲንና ኮኔቲከት ቀድመው፣ ግዛቶች ለማንኛውም ሐኪም የአናቶሚ፣ የፊዚዮሎጂ፣ የባክቴሪዮሎጂና የመሳሰሉትን የመሠረታዊ ሳይንስ ፈተና አስገዳጅ አደረጉ። ፈተናው ኤም.ዲ.ም ዲ.ኦ.ም አይልም። ኦስቲዮፓቶቹ በብዛት ወደቁ። ውርደት ጥሩ አስተማሪ ነው የሚባለው እዚህ ላይ እውነት ሆነ፤ ኮሌጆቹ የሙሉ ጊዜ የሳይንስ መምህራን ቀጠሩ፣ ቤተ ሙከራ ገነቡ፣ በ1940 ገደማ ደግሞ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ያልተማረን አንቀበልም አሉ። በ1934 የራሳቸውን ብሔራዊ የፈተና ቦርድ አቋቁመዋል፤ ዛሬ ተማሪዎቹ የሚፈተኑትን ኮምሌክስ የሚያዘጋጀው ይኸው ነው።

ፈቃድ ያለው ሐኪም ሆስፒታል ካልገባ ግማሽ ሐኪም ነው። ኤም.ዲ.ዎች የሚመሯቸው ሆስፒታሎች ለዲ.ኦ. በር አይከፍቱም ነበርና ኦስቲዮፓቶቹ በዲትሮይት፣ በቺካጎ፣ በፊላደልፊያና በትንንሽ ከተሞች የራሳቸውን ሠሩ። ሎስ አንጀለስ ነገሩን በግልጽ አሳይታዋለች፦ የካውንቲው ትልቅ ሆስፒታል በ1928 ለኦስቲዮፓቶች ብቻ «ክፍል ሁለት» የሚባል ሌላ ሕንፃ ከፈተ። አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ዓይነት ሕሙማን፣ ሁለት በር። ተመራቂዎች የኢንተርንነትና የስፔሻሊቲ ሥልጠናቸውን የሚያገኙት በእነዚህ ሆስፒታሎች ነበር፤ ሥልጠናው በጥራት የተለያየ ቢሆንም ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያልታሰበ ውለታ ዋለላቸው። ሠራዊቱ ዲ.ኦ.ዎችን በሐኪምነት አልመልምልም አለ። ኤም.ዲ.ዎቹ ሲዘምቱ ዲ.ኦ.ዎቹ ቤታቸው ቀሩ፤ ሕሙማኑም ወደ እነሱ መጡ፣ ከጦርነቱም በኋላ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። ኮንግረስ በ1956 እንዲመለመሉ ቢፈቅድም የመጀመሪያው ዲ.ኦ. በሐኪም መኮንንነት የተሾመው በ1966፣ ቬትናም ሐኪም ባስፈለገ ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1996፣ ዲ.ኦ. የሆነው ሮናልድ ብላንክ የምድር ጦሩ የሕክምና ጠቅላይ አዛዥ ሆነ።

የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ይህን ሁሉ ሲያይ ዓይኑን አልገለጠም። በሥነ ምግባር ደንቡ ኦስቲዮፓቶች እንደ መናፍቃን ነበሩ፤ አንድ ኤም.ዲ. ከእነሱ ጋር ሕመምተኛ ቢመካከር ወይም ትምህርት ቤታቸው ሄዶ ቢያስተምር ጥፋተኛ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በቀድሞው ፕሬዚዳንቱ በጆን ክላይን የሚመራ ኮሚቴ በጊዜው ከነበሩት ስድስት ኦስቲዮፓቲክ ኮሌጆች አምስቱን ጎበኘ፤ ፊላደልፊያ እንቢ አለች። ኮሚቴው በ1955 ያየሁት ትምህርት የመናፍቃን ትምህርት አይደለም ብሎ ቢመሰክርም ማኅበሩ ሪፖርቱን ጣለው። ቀጥሎ የተሞከረው መንገድ ብልህ ነበር፦ ማሸነፍ ካልቻልን እንዋጣቸው።

ቦታው ካሊፎርኒያ ነው። በ1961 የግዛቲቱ የሁለቱ ወገን ማኅበራት ተዋዋሉ። የሎስ አንጀለሱ ኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ ስሙን ቀይሮ የኤም.ዲ. ትምህርት ቤት ሆነ፤ የዛሬው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አርቫይን የሕክምና ፋኩልቲ የሚወለደው ከዚህ ነው። በሐምሌ 1962 ወደ 2,000 የሚሆኑ ዲ.ኦ.ዎች 65 ዶላር እየከፈሉ በአንድ ሥነ ሥርዓት የኤም.ዲ. ዲግሪ ተቀበሉ። የሕክምና ትምህርት አልደገሙም። ተቺዎች «ትንሿ ኤም.ዲ.» አሏት፤ ከካሊፎርኒያ ውጭ ዋጋዋ ያን ያህል አልነበረምና። በዚያው ዓመት ኅዳር መራጩ ሕዝብ አዲስ ዲ.ኦ. በግዛቲቱ ፈቃድ እንዳያገኝ በድምፁ ወሰነ። ሙያው ከትላልቅ ማኅበረሰቦቹ አንዱን በአንድ በጋ አጣ፤ ኮሌጆቹም አምስት ቀሩ፦ ከርክስቪል፣ ቺካጎ፣ ደሞይን፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ፊላደልፊያ።

ብዙ ሰው ያበቃላቸዋል ብሎ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ የውህደቱ ደላሎች ያላሰቡት አንድ ነገር ስላለ። 2,000 ሐኪም በ65 ዶላር ደረሰኝ ብቻ ኤም.ዲ. መሆን ከቻለ፣ ሰኞ ዕለት የነበረው ትምህርቱ ማክሰኞ ካለው አያንስም ማለት ነው። ከሌላ ግዛት የመጡ ዲ.ኦ.ዎች ይህን ይዘው ተሟገቱ፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 እገዳውን አፈረሰው። ያልተማከለ የአሜሪካ አስተዳደር ለትንንሽ ሙያዎች ሲመች ይመቻል፤ አንዱ ግዛት የዘጋውን ሌላው ይከፍተዋል። ከዚያ በፊት ፈጽሞ ፈቅደው ከማያውቁት ግዛቶች ደግሞ ሚሲሲፒ በ1973 ፈቅዳ የመጨረሻዋ ሆናለች። ሚሺጋን ደግሞ ከሁሉም በላይ ሄዳ በ1969 በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር የመጀመሪያውን ኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥር አቋቋመች፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የኤም.ዲ. ፋኩልቲም ነበር፣ የሁለቱም ተማሪዎች የመሠረታዊ ሳይንስ ትምህርቶችን አብረው ይማሩ ነበር። ቴክሳስ፣ ኦክላሆማ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ኦሃዮ ተከተሉ። ዘመኑ በገጠር ሐኪም የታጣበት፣ የፌዴራል መንግሥት ለአዲስ የሕክምና ትምህርት ቤት ገንዘብ የሚረጭበት ነበር። አምስቱ ኮሌጆች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ 15 ገደማ ደረሱ።

በዚህ መሐል አንድ ጎን ታሪክ አለ፤ ነገሩን ሁሉ እንደ ሙከራ የሚያረጋግጥ ነውና አላልፈውም። ጆን ማርቲን ሊትልጆን የሚባል ስኮትላንዳዊ ከርክስቪል ተምሮ፣ እዚያው ዲን ሆኖ፣ በ1900 የቺካጎውን ኮሌጅ አቋቁሞ፣ በ1913 ወደ ብሪታንያ ተመለሰ። በ1917 ለንደን ውስጥ የብሪታንያ ኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤትን ከፈተ። ትምህርቱ ያው፣ ምንጩ ያው። ግን እዚያ ሙያው የሐኪምነት ፈቃድ ጠይቆ አላገኘም፤ በ1935 ለጌቶች ምክር ቤት ያቀረበው ሙግት ከሽፎ ሊትልጆን ራሱ ተዋረደ። ኦስቲዮፓቶቹ ሕጋዊ ዕውቅና ያገኙት በ1993 ነው፣ ያም እንደ ሐኪም ሳይሆን በእጅ የሚያክም ባለሙያ ሆነው ነው። ፈረንሳይ በ2002 ተመሳሳይ ዕውቅና ሰጠች። ስለዚህ ዛሬ ለንደን ወይም ፓሪስ ኦስቲዮፓት ጋ የሄደ ሰው ወገቡን ይታሻል፣ የመድኃኒት ማዘዣ አይጠብቅም፤ አሜሪካ ዲ.ኦ. ጋ የሄደ የስኳር መድኃኒቱን ያስቀጥላል። አንድ ዘር ሁለት መሬት ላይ ወደቀ። ልዩነቱን ያመጣው የስቲል ሐሳብ ጥንካሬ ወይም ድክመት አይደለም፤ አንደኛው ወገን ፋርማኮሎጂን፣ ቀዶ ሕክምናንና የፍሌክስነርን ውርደት ተቀብሎ መማሩ ነው።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አንድ የዲ.ኦ. ተማሪ የሚያልፍበት መንገድ የኤም.ዲ.ውን ይመስላል። አራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ኤምካት የተባለው የመግቢያ ፈተና፣ ከዚያ አራት ዓመት ኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ፤ ሁለቱ ዓመት በክፍልና በቤተ ሙከራ፣ ሁለቱ ዓመት በሆስፒታል። ልዩነቱ ወደ 200 ሰዓት የሚጠጋው የእጅ ሕክምና ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ጠረጴዛ ላይ እየተኙ፣ አንዱ የሌላውን አንገት፣ ጎድን አጥንትና ዳሌ በጣት ማንበብ ይለማመዳሉ። የኮምሌክስ ፈተና በሦስት ደረጃ ይወሰዳል። ብዙዎቹ በተጨማሪ ኤም.ዲ.ዎች የሚወስዱትን ዩኤስኤምኤልኢ ይፈተናሉ፤ አንዳንድ የሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ የሚወሰደው የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ ኃላፊዎች የኮምሌክስ ውጤትን ማንበብ አልለመዱምና። ለአንድ እውቀት ሁለት ፈተና፣ ሁለት ክፍያ፤ የስቲል እልህ ሒሳብ ዛሬም በተማሪ ኪስ ይከፈላል። ከምረቃ በኋላ እንደ ስፔሻሊቲው ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ሬዚደንሲ ይከተላል። ከዲ.ኦ.ዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በቤተሰብ ሕክምና፣ በውስጥ ደዌና በሕፃናት ሕክምና ይሠራሉ።

እዚህ ላይ የማይመች ነገር መናገር ያስፈልጋል። ከተመረቁ በኋላ ብዙዎቹ ዲ.ኦ.ዎች ያን የእጅ ሕክምና አይጠቀሙበትም ወይም አልፎ አልፎ ብቻ ይጠቀሙበታል። አንድ ሕመምተኛ አሥራ አምስት ደቂቃ በሚሰጠው ክሊኒክ አከርካሪ ለመዳሰስ ጊዜ የለም፤ ለወገብ ሕመም ጠቃሚነቱን የሚያሳዩ ጥናቶች ቢኖሩም፣ ስቲል እንዳለው ለሁሉም በሽታ ይሠራል የሚል ዛሬ ማንም በቁም ነገር አይከራከርም። ከአራት የአሜሪካ የሕክምና ተማሪዎች አንዱ ኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ ኮሌጆቹም ከ40 አልፈዋል። ሙያው በቁጥር እንደዛሬ ገዝፎ አያውቅም፣ የተለየበት ነገርም እንደዛሬ ሳስቶ አያውቅም።

የመስፋፋቱ ሌላ ገጽታም አለ። የድሮዎቹ ኦስቲዮፓቲክ ሆስፒታሎች፣ ኤም.ዲ. ሆስፒታሎች በራቸውን ከከፈቱ በኋላ፣ በ1980ዎቹና 90ዎቹ አብዛኞቹ ተዘጉ ወይም ተሸጡ። አዲሶቹ ኮሌጆች የራሳቸው ሆስፒታል ሳይኖራቸው ተማሪውን በሦስተኛው ዓመት ወደ ሩቅ ከተማ ክሊኒክና ሆስፒታል ይበትናሉ። በ2008 ተማሪ መቀበል የጀመረው የኮሎራዶው ሮኪ ቪስታ ደግሞ ለትርፍ የተቋቋመ ነው፤ የፍሌክስነር ዘገባ ካጠፋቸው ወዲህ በአሜሪካ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የታየ የመጀመሪያው ለትርፍ የሚሠራ የሕክምና ትምህርት ቤት። ዕውቅናውን የሰጠው ኮሌጆቹን የሚመዝነው የኦስቲዮፓቲክ ማኅበሩ ኮሚሽን ነው። በ1910 የተወቀሱበት ነገር በዕውቅና ተመልሶ መጣ ብሎ የሚተች የገዛ ምሩቃቸው ብዙ ነው፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

የመጨረሻው ትልቅ ለውጥ ጸጥ ብሎ ያለፈ ነው። በ2014 ስምምነት ተደርሶ ከ2015 እስከ 2020 ድረስ የኦስቲዮፓቲክ ሬዚደንሲዎች የኤም.ዲ.ውን በሚቆጣጠረው አንድ የዕውቅና ድርጅት ሥር ገቡ። ከዚያ በፊት ለዲ.ኦ. ብቻ ተከልለው የነበሩ ቦታዎች ለሁሉም ተከፈቱ። ይህ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ ተመርቆ አሜሪካ ሬዚደንሲ ለሚፈልግ ሐኪምም ይመለከተዋል፤ ቀድሞ ማመልከት እንኳ የማይችልበት ቦታ ዛሬ በዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ በሌላ በኩል በየዓመቱ የሚጨምረው የዲ.ኦ. ተመራቂ ደግሞ በዚያው መስመር ከጎኑ ተሰልፏል። ከእነዚህ ፕሮግራሞች የተወሰኑት «ኦስቲዮፓቲክ» የሚለውን ልዩ ዕውቅና ጠብቀዋል። በእነዚያ ውስጥ ኤም.ዲ. የሆነ ሬዚደንት ቅድመ ዝግጅቱን ካሟላ የእጅ ሕክምናውን መማር ይችላል፤ የሚያስተምሩትም ዲ.ኦ.ዎች ናቸው።